ዕድሜ፣ ልምድና የአብራሪ ብቃት

የአውሮፕላን አብራሪን ብቃት ሁለት ነገሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎትቱታል። ዕድሜ ከዓይን፣ ከጆሮና ከሐሳብ ፍጥነት ላይ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይቀንሳል። ልምድ በበኩሉ በየበረራው ጥቂት ጥቂት ይጨምራል። የ25 ዓመቱ ረዳት አብራሪ አንዲት የማስጠንቀቂያ መብራት ስትበራ ከጎኑ ከተቀመጡት የ60 ዓመት ካፒቴን ቀድሞ ሊያያት ይችላል፤ መብራቷ ምን እያለች እንደሆነና ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ግን ካፒቴኑ ቀድመው ሊያውቁ ይችላሉ። ከሁለቱ የትኛው ይበልጣል፣ አንዱስ ሌላውን እስከ ምን ድረስ ይተካል የሚለው ጥያቄ ሐኪሞችን፣ የሥነ ልቡና ተመራማሪዎችንና የአቪዬሽን ሕግ አውጪዎችን ከ60 ዓመታት በላይ ሲያከራክር ቆይቷል።

ለከሚሴና ለአካባቢዋ ሕዝብ ጥያቄው የሩቅ አይደለም። ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወረዳዎች፣ ከባቲና ከደዋ ጨፋ፣ ከአርጡማ ፉርሲ፣ ከጅሌ ጥሙጋና ከደዌ ሐረዋ፣ ለሐጅና ለዑምራ ወደ ጅዳ፣ ለሥራም ወደ ዓረብ አገሮች የሚሄደው ሰው ብዙ ነው። በስተ ሰሜን፣ በዚያው በአስፋልቱ መንገድ ላይ፣ የኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ተሳፋሪው የአብራሪዎቹ ክፍል በር ከተዘጋ በኋላ የሚሰማው በድምፅ ማጉያ የሚመጣውን ሰላምታ ብቻ ነው። ሕይወቱን ለማያያቸው ሁለት ሰዎች አደራ ይሰጣል። ያ አደራ በምን ላይ እንደቆመ ማወቅ መብቱ ነው።

ዕድሜ የሚወስደው

ሰው 40 ዓመት ሲያልፈው የዓይኑ ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ ቅርብ ያለውን ለማየት ይቸገራል። ቁርኣኑን ወይም ዳዊቱን ከፊቱ አርቆ የሚይዝ ጎልማሳ በየቤቱ አለ። በአብራሪው ወንበር ላይ ግን ዓይን በአንዲት ደቂቃ ውስጥ ሦስት ርቀቶችን መመላለስ አለበት፤ ጉልበት ላይ ያለውን ሰነድ፣ አንድ ክንድ ርቆ ያለውን የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ፣ ብዙ ኪሎ ሜትር ርቆ ያለውን ማኮብኮቢያ። ይህን ችግር መነጽር ያቀልለዋል። የአቪዬሽን ደንብም መነጽር ለሚያደርግ አብራሪ ይፈቅዳል፤ ሆኖም ሁለተኛ መጠባበቂያ መነጽር በቅርብ እንዲይዝ ያስገድደዋል። ከዚህ የሚከብደው የሌሊት ዕይታ ነው። የዓይን ብሌን በዕድሜ እየጠበበ ስለሚሄድ ወደ ውስጥ የሚገባው ብርሃን ያንሳል፤ ከደማቅ ብርሃን ወደ ጨለማ ሲዞር ዓይን ለመልመድ ረዘም ያለ ጊዜ ይወስዳል።

ጆሮም በመጀመሪያ የሚያጣው ቀጫጭን ድምፆችን ነው። አንዳንድ የማስጠንቀቂያ ድምፆችና በሬዲዮ የሚተላለፉ ተነባቢ ድምፆች በዚሁ ክልል ውስጥ ይወድቃሉ።

ከሁሉ የሚረቀው ግን በአእምሮ ፍጥነት ላይ የሚታየው ለውጥ ነው። የመቆጣጠሪያ ማማው ባለሙያ በአንድ ትንፋሽ ለአብራሪው አራት ነገር ሊነግረው ይችላል፤ ወደዚህ አቅጣጫ ዙር፣ ወደዚህ ከፍታ ውረድ፣ ሬዲዮህን ወደዚህ ሞገድ ቀይር፣ የመለያ ቁጥርህን ይህን አድርግ። አራቱም ቁጥሮች ናቸው። አብራሪው አራቱን ይዞ መልሶ ማንበብ፣ ከዚያም አንድ በአንድ መፈጸም አለበት፤ ይህን ሁሉ የሚያደርገው አውሮፕላኑን እየነዳ ነው። መረጃን ለአጭር ጊዜ ይዞ እየሠሩ የማቆየት ችሎታና ሁለት ሥራን አጣምሮ የመከታተል ችሎታ ከጎልማሳነት ጀምሮ ቀስ እያሉ ይቀንሳሉ። እንቅልፍም ከዕድሜ ጋር ይቀላል፤ ሰውነት ከአንድ የሰዓት ክልል ወደ ሌላው ሲሻገር ለመላመድ ይዘገያል። የልብና የደም ሥር ሕመም ሥጋት ደግሞ ያድጋል።

ይህ ሁሉ የብዙ ሰዎች አማካይ ነው። በ62 ዓመታቸው ከብዙ የ45 ዓመት ሰዎች የፈጠኑ አሉ፤ በ50 ዓመታቸው የደከሙም አሉ። በአንድ ዕድሜ ላይ በሚገኙ ሰዎች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ከዕድሜ ጋር እየሰፋ ይሄዳል። የዕድሜ ገደብን የሚያከራክረውም ይኸው ነው።

ልምድ የሚሰጠው

ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው የልምድን ነገር በቀላሉ ይረዳዋል። መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢት፣ በሰንበቴና በአጣዬ በኩል 1,400 ሜትር ገደማ ወደምትገኘው ከሚሴ ይወርዳል። ጭነት የያዘ የከባድ መኪና አሽከርካሪ ጀማሪ ከሆነ ቁልቁለቱ ከጀመረ በኋላ ፍሬን ይረግጣል፤ ደጋግሞ ይረግጣል፤ ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል። የለመደው አሽከርካሪ ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ቀንሶ ይይዛል። የሁለተኛው እግር ከመጀመሪያው የፈጠነ አይደለም፤ ፍጥነት የሚጠይቀው ችግር እንዳይፈጠር ግን አስቀድሞ አድርጓል።

አብራሪዎች ይህን ከአውሮፕላኑ ቀድሞ ማሰብ ይሉታል። የአዲስ አበባው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ የፍጥነት መለኪያው ተመሳሳይ ቁጥር እያሳየ፣ አውሮፕላኑ በምድር ላይ በባሕር ጠረፍ ከሚያርፈው ከ10 በመቶ በላይ ፈጥኖ ይሄዳል፤ ለመቆምም ረዘም ያለ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። በተራሮች መካከል ያለው ኮምቦልቻም የራሱ ጠባይ አለው። የቆየ አብራሪ ይህን ሁሉ ስለሚያውቅ ከፍታውንና ፍጥነቱን መቀነስ የሚጀምረው በጊዜ ነው፤ ማኮብኮቢያው ሲታየው የቀረው ሥራ ጥቂት ነው።

ሁለተኛው የልምድ ስጦታ በአንድ ዕይታ ማወቅ ነው። ሰኞ በባቲ ገበያ ዕድሜውን በግመል ንግድ ያሳለፈ ሰው አንድን ግመል አረማመዱን አይቶ ጤናውን ይናገራል። አዲስ ገዢ እግሩን፣ ሻኛውን፣ ዓይኑን፣ ጥርሱን ለየብቻ ይመረምራል፤ ነጋዴው ግን ሁሉን በአንድነት ያነበዋል። የቆየ አብራሪም የሰሌዳውን መለኪያዎች አንድ በአንድ ከመቁጠር ይልቅ አንድ ላይ ያያቸዋል። የአንዱ መርፌ ከሌሎቹ ጋር አለመስማማት እንደ ተሳሳተ ዜማ ይሰማዋል። አእምሮው በትንሽ ድካም ብዙ ስለሚይዝ፣ ዕድሜ ከፍጥነቱ የወሰደበትን በከፊል ይመልሳል።

በሙከራ የታየው

ይህ አስተሳሰብ በሙከራ ተፈትኗል። በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 69 የሆኑ 118 አብራሪዎችን በምስለ በረራ መሣሪያ፣ በተለምዶ ሲሙሌተር በሚባለው፣ በየዓመቱ እየፈተኑ ለ3 ዓመታት ተከታተሏቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ኒውሮሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ፈተናው አራት ሥራዎች ነበሩት፤ የማማውን ትእዛዝ ይዞ መፈጸም፣ ከሌሎች አውሮፕላኖች መራቅ፣ የሰሌዳውን መለኪያዎች መከታተልና ወደ ማኮብኮቢያ ተጠግቶ ማረፍ።

በመጀመሪያው ፈተና በዕድሜ የገፉት ከወጣቶቹ ያነሰ ውጤት አመጡ። ይህ የሚጠበቅ ነበር። ዓመታቱ ሲያልፉ ግን የአንጋፋዎቹ አጠቃላይ ውጤት ከወጣቶቹ ባነሰ መጠን ቀነሰ፤ በተለይ ከሌሎች አውሮፕላኖች በመራቅ በኩል ጥሩ ሆነው ተገኙ። ከፍ ያለ የሙያ ማረጋገጫ የነበራቸው ደግሞ በየትኛውም ዕድሜ የተሻለ ጀመሩ፤ ብቃታቸውም በዝግታ ቀነሰ። በዚህ ጥናት ልምድ የተለካው በበረራ ሰዓት ብዛት ሳይሆን አብራሪው ተፈትኖ ባገኘው የሙያ ደረጃ ነበር። ተምሮና ተፈትኖ የተገኘ ልምድ እንጂ እንዲሁ ያለፈ ጊዜ ብቻውን መከታ አይሆንም ማለት ነው።

በዚያው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሌላ ጥናት ጥንቃቄ የሚጠይቅ ውጤት አሳየ። ዕድሜያቸው ከ19 እስከ 79 የሆኑ አብራሪዎች በጭጋግ ውስጥ ወደ ማኮብኮቢያ እንዲጠጉና ማየት ካልቻሉ ትተው እንዲወጡ ተደረገ። ልምድ ያላቸው አብራሪዎች አውሮፕላኑን በትክክል በመቆጣጠር በኩል የተሻሉ ሆኑ። ልረፍ ወይስ ልተው በሚለው ውሳኔ ግን ልምድ ያን ያህል አልረዳም፤ በዕድሜ የገፉት ማኮብኮቢያው በቂ ሆኖ ሳይታይ የማረፍ ዝንባሌያቸው ከፍ ያለ ነበር። እጅ የለመደውን ልምድ ይጠብቀዋል፤ ፍርድ ግን ሌላ ጠባቂ ይፈልጋል።

አንድ ቀላል መፍትሔም ተገኝቷል። አንጋፋ አብራሪዎች የማማውን መልእክት በወረቀት ላይ እንዲጽፉ ሲፈቀድላቸው፣ መልሶ በማንበብ ከወጣቶቹ ጋር የነበራቸው ልዩነት ይጠብባል። አንዲት እርሳስና ብጣሽ ወረቀት ዕድሜ ከማስታወስ ችሎታ የወሰደውን ትመልሳለች።

ልምድ ሕይወት ያተረፈባቸው ቀናት

ኅዳር 14 ቀን 1989 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ካፒቴኑ ልዑል አባተ የ42 ዓመት ሰው ነበሩ፤ ከ11,000 ሰዓታት በላይ በረዋል፤ ከዚያ በፊትም ሁለት ጊዜ ጠለፋ ገጥሟቸው ያውቃል። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ እንዲወስዷቸው አዘዙ። ነዳጁ እንደማይበቃ ቢነገራቸውም አላመኑም። ካፒቴኑ ውቅያኖሱን ለመሻገር በቀጥታ ከመውጣት ይልቅ መጀመሪያ የአፍሪካን ጠረፍ ተከትለው በረሩ፤ በኋላም ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አመሩ። ነዳጁ አልቆ ሁለቱም ሞተሮች ሲጠፉ አንደኛው ጠላፊ በመሪው ላይ ይታገላቸው ስለነበር ወደ አውሮፕላን ማረፊያው መድረስ አልተቻለም። ካፒቴኑና ረዳት አብራሪው ዮናስ መኩሪያ ክንፉን የሚያሰፋው ፍላፕ ሳይወጣ፣ በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ፍጥነት፣ በመዝናኛ ሆቴል አጠገብ ባለ ባሕር ላይ አወረዱት። በአውሮፕላኑ ከነበሩት 175 ሰዎች 125ቱ ሞቱ፤ 50ዎቹ ተረፉ። እነዚህ የተረፉት ደራሽ ሰው ባለበት ዳርቻ አጠገብ በመውረዳቸው ነው፤ የሆቴሉ ሰዎችና ዋናተኞች ወዲያው ደረሱላቸው።

በዛሬው አማራ ክልልም ከዚህ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ ከባድ ቀን ነበር። መስከረም 5 ቀን 1981 ከባሕር ዳር ወደ አሥመራ የተነሣ ቦይንግ 737 በርግቦች መንጋ ውስጥ ገባ። ወፎቹ በሁለቱም ሞተሮች ውስጥ ገቡ። አብራሪዎቹ ለመመለስ ሲዞሩ የነበራቸው ኃይል ጨርሶ ጠፋ፤ ከከተማው ውጭ ሜዳ ላይ በሆዱ አሳረፉት። አውሮፕላኑ በእሳት ተያያዘ። ከ104 ሰዎች 35 ሞቱ፤ የቀሩት በሕይወት ወጡ።

እንዲህ ያለው አደጋ በዓለም ዘንድ ይበልጥ የታወቀው እ.ኤ.አ. ጥር 15 ቀን 2009 በኒው ዮርክ ነው። የ57 ዓመቱ ካፒቴን ቼዝሊ ሰለንበርገር የሚያበሩት ኤርባስ ዝይዎች ገብተውበት ሁለቱንም ሞተሮች አጣ። ከዚያ እስከ ሃድሰን ወንዝ የነበራቸው ጊዜ ሦስት ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። ካፒቴኑ ከወሰዷቸው የመጀመሪያ እርምጃዎች አንዱ በጅራቱ በኩል ያለችውን ትንሿን ረዳት ሞተር ማስነሣት ነበር። በችግር ጊዜ ተራ በተራ በሚነበበው የመመሪያ ዝርዝር ላይ ይህ ሥራ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ዝርዝሩን እስኪደርሱበት ጠብቀው ቢሆን ኖሮ ጊዜው አይበቃም ነበር። አውሮፕላኑ በዚያች ሞተር ኤሌክትሪክ አልተቋረጠበትም። 155ቱም ሰዎች ተረፉ። ረዳት አብራሪውም ከ15,000 ሰዓታት በላይ የበረሩ፣ ለዚያ ዓይነት አውሮፕላን ግን ገና አዲስ የነበሩ የ49 ዓመት ሰው ነበሩ። ስለዚህ ካፒቴኑ መሪውን ያዙ፤ ከሥልጠና በቅርቡ የወጡት ረዳት ደግሞ የመመሪያውን ዝርዝር ያዙ። ሁለቱ ሥራውን የተከፋፈሉት እያንዳንዳቸው በሚበልጡበት ነው።

በእነዚህ ሦስት ቀናት ሞተሮቹ ከጠፉ በኋላ ማንም አብራሪ ለማሰላሰል በቂ ጊዜ አልነበረውም። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ብሂል በሰማይ ላይም ይሠራል፤ በችግር ሰዓት የሚያገለግለው ከችግሩ በፊት በተደጋጋሚ ልምምድ የታጠቀው ነው።

ልምድ ያልበቃባቸው ቀናት

በአቪዬሽን ታሪክ ብዙ ሰው ያለቀበት የሁለት አውሮፕላኖች ግጭት የደረሰው እ.ኤ.አ. መጋቢት 27 ቀን 1977 በካናሪ ደሴቶች፣ በተነሪፌ ነው። 583 ሰዎች ሞቱ። በጭጋግ ውስጥ ያለ ፈቃድ መነሣት የጀመረው የሆላንዱ አየር መንገድ አውሮፕላን ካፒቴን የ50 ዓመት ሰው፣ ከ11,000 ሰዓታት በላይ የበረሩና በኩባንያቸው የሌሎች አብራሪዎች ዋና አሠልጣኝ ነበሩ። የበረራ መሐንዲሱ ሌላው አውሮፕላን ከማኮብኮቢያው ላይ ላይወጣ ይችላል ብለው ጠየቁ። ካፒቴኑ ጥርጣሬውን አልተቀበሉም፤ ታናናሾቹም አልገፉበትም።

ይህ አደጋ ዓለም የአብራሪዎችን ሥልጠና እንዲለውጥ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው። ከዚያ በኋላ በስፋት የተዘረጋው የቡድን አሠራር ሥልጠና ታናሹ ለታላቁ ስሕተቱን በግልጽ እንዲናገር፣ ታላቁም እንዲሰማ ያስተምራል። ትምህርቱ ታላቅ በሚከበርበት ማኅበረሰብ ልዩ ትርጉም አለው። በከሚሴ አካባቢ ሽማግሎች በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገር ሲያዩ ወጣቱ ተራውን ይጠብቃል፤ አነጋገሩን ይመርጣል። በሽምግልና ላይ ጊዜ ስላለ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። በአብራሪዎች ክፍል ግን ጨዋ ቃል ፈልጎ ለማግኘት ጊዜ የለም። ስለዚህ የማስጠንቀቂያ ቃላት አስቀድመው በደንብ ተወስነው ይሰጣሉ፤ ፍጥነት ሲያንስ የሚባለው፣ ከፍታ ሲስት የሚባለው፣ ማረፉን ትተህ ውጣ የሚባለው ሁሉ የታወቀ ነው። ታናሹ ቃሉን ሲናገር ታላቁን አልደፈረም፤ ሥራውን ሠራ። አክብሮቱም ሳይጓደል፣ ሕይወቱም ሳይጠፋ ይቀራል።

ልምድ ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ሙሉ በሙሉ እንደማይሻገር ደግሞ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 2013 በሳን ፍራንሲስኮ ታየ። የኮሪያው ኤሺያና ቦይንግ 777 ፍጥነቱ ከሚገባው በታች ወርዶ ከማኮብኮቢያው በፊት ካለው የባሕር ግንብ ጋር ተጋጨ፤ ሦስት ሰዎች ሞቱ። መሪውን የያዙት አብራሪ ወደ 10,000 ሰዓት የሚጠጋ በረራ ነበራቸው፤ በዚያ ዓይነት አውሮፕላን ላይ ግን የነበራቸው ከ50 ሰዓት በታች ነው። ራሱ የሚሠራው መሣሪያ ፍጥነቱን ይጠብቃል ብለው ነበር፤ አልጠበቀም። አውሮፕላኑን በራሱ የሚነዳው አውቶፓይለት ብዙውን ሥራ በሚሠራበት ዘመን የሰዓት ቁጥር ሲያድግ እጅ በመሪው ላይ የቆየበት ጊዜ አብሮት ላያድግ ይችላል። በአገር ውስጥ መስመር በቀን ደጋግሞ የሚያርፍ አብራሪና በረጅም መስመር ሌሊቱን ሙሉ በርሮ አንድ ጊዜ የሚያርፍ አብራሪ እኩል ሰዓት ቢኖራቸውም እኩል ማረፊያ የላቸውም።

የሰዓት ቁጥር ያልገለጸው እውነት

መጋቢት 1 ቀን 2011 ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከ6 ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። 157 ሰዎች አለቁ። ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ወጣት ነበሩ፤ 8,122 ሰዓት በረዋል። ረዳት አብራሪው አሕመድኑር መሐመድ 25 ዓመታቸው ነበር፤ 361 ሰዓት ነበራቸው። ወዲያው በውጭ አገር ያሉ ተናጋሪዎች ጣታቸውን ወደ አብራሪዎቹ ዕድሜና ወደ ረዳቱ የሰዓት ቁጥር ቀሰሩ።

እውነቱ ሌላ ነበር። ኤምካስ የተባለ ሥርዓት ከአንድ የተበላሸ መለኪያ በተቀበለው የሐሰት መረጃ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ደጋግሞ ወደ ታች ይገፋ ነበር። ከዚያ አራት ወር ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ የ189 ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈው ይኸው ጉድለት ነው፤ በዚያኛው አውሮፕላን ረዳት አብራሪው የ41 ዓመት ሰው፣ ከ5,000 ሰዓታት በላይ የበረሩ ነበሩ። ዕድሜውም ሰዓቱም አላዳነም። አምራቹ ቦይንግ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ከሟቾች ቤተሰቦች ጋር ባደረገው የፍርድ ቤት ስምምነት አውሮፕላኑ አደገኛ ሁኔታ እንደነበረበት አምኖ ኃላፊነቱን ተቀበለ፤ በአብራሪዎቹም ላይ ጥፋት አላነሣም።

ስለ ዕድሜና ልምድ የሚነገር ሁሉ ይህን ታሪክ መዘንጋት የለበትም። የአንድ ሰው የልደት ዘመንና የበረራ ሰዓት ስለ ብቃቱ ይመሰክራል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። ለሁለቱ ወጣቶች ስም ክብር የሚገባውም በርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ እውነቱ ራሱ ይጠይቃል።

የ65 ዓመት ወሰን

የዕድሜ ወሰን መጀመሪያ በጉልህ የተቀመጠው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1959 በወጣ ደንብ ነው። ደንቡ 60 ዓመት የሞላው ሰው በትልልቅ የመንገደኛ አየር መንገዶች አብራሪ እንዳይሆን ከለከለ። ዋናው ምክንያት በአየር ላይ በድንገት ራስን የመሳት ወይም የልብ ድካም ሥጋት ነበር፤ በእያንዳንዱ ሰው ላይ መቼ እንደሚደርስ አስቀድሞ የሚናገር ምርመራ አልነበረም። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (ኢካኦ) እ.ኤ.አ. በኅዳር 2006 ወሰኑን ለዓለም አቀፍ የንግድ በረራ ወደ 65 ከፍ አደረገ፤ በዚያን ጊዜ ግን ከሁለቱ አብራሪዎች አንዱ ከ60 በታች እንዲሆን ያዝዝ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2007 ተከተለች። እ.ኤ.አ. በ2014 አንዱ ወጣት ይሁን የሚለው ግዴታ ተነሣ። ብቻውን ለሚያበር ግን ወሰኑ 60 ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2025 የአየር መንገዶች ዓለም አቀፍ ማኅበር (አያታ) ወሰኑ 67 እንዲሆን ለኢካኦ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ትልልቅ የአብራሪዎች ማኅበራት ተቃወሙት። ኢትዮጵያ የኢካኦ አባል ስለሆነች ጉዳዩ እርሷንም ይመለከታል።

ብቃት የሚጠበቅበት መንገድ

ከወሰኑ በታች ያለውን አብራሪ የሚጠብቁት አራት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው የጤና ምርመራ ነው። የንግድ አብራሪ በየ12 ወሩ ይመረመራል፤ 60 ዓመት ሲሞላው በየ6 ወሩ ይሆናል። ዓይን፣ ጆሮ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ስኳር ሁሉ ይታያል።

ሁለተኛው በሲሙሌተር የሚሰጥ ፈተና ነው። አብራሪው በዓመት ሁለት ጊዜ በመሣሪያው ውስጥ ገብቶ በመነሣት ላይ ሞተር ይጠፋበታል፣ እሳት ይነሣበታል፣ ጭጋግ ይወርድበታል። ሠላሳ ዓመት የበረረውም፣ ትናንት የተቀጠረውም ይፈተናሉ። በተጨማሪ መንገደኛ ይዞ ለመብረር ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ጊዜ መነሣትና ሦስት ጊዜ ማረፍ አለበት፤ የቆየ ችሎታ ካልታደሰ አይቆጠርም።

ሦስተኛው ዕረፍት ነው። ነሐሴ 9 ቀን 2014 ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረ ቦይንግ 737 መውረድ መጀመር የነበረበትን ነጥብ በ37,000 ጫማ ላይ እንዳለ አለፈ። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው እንደነበር ተዘግቧል። አውቶፓይለቱ ሲለቅ የጮኸው ደወል ቀሰቀሳቸው፤ ከ25 ደቂቃ ያህል በኋላ በሰላም አረፉ። የደከመ ወጣት ካረፈ አንጋፋ ይልቅ ያሰጋል።

አራተኛው ሁለት መሆን ነው። «ካንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንዲሉ፣ የፈጠነ ዓይንና የበሰለ ፍርድ ጎን ለጎን ሲቀመጡ የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሞላል። ሙያውም ከትውልድ ወደ ትውልድ የሚተላለፈው በዚሁ ወንበር ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ ካፒቴኖቹ የውጭ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ አዛዥ ሆኑ። በኋላ ደግሞ የባሕር ዳሯ ልጅ አምሳለ ጓሉ፣ ለዓመታት በረዳት አብራሪነት በተለያዩ አውሮፕላኖች ከሠሩ በኋላ፣ የአየር መንገዱ የመጀመሪያዋ ሴት ካፒቴን ሆኑ። እያንዳንዳቸው በግራው የካፒቴን ወንበር ከመቀመጣቸው በፊት በቀኙ የረዳት ወንበር ተቀምጠው ከሌላ ሰው ተምረዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍርድ ግልጽ ነው። ዕድሜ የሚወስደውን ልምድ በብዙ ይመልሳል፤ የሚመልሰው ግን በየጊዜው ሲታደስ፣ ሲፈተንና የሌላውን ድምፅ ሲሰማ ነው። ለአብራሪነት የሚመኝ የከሚሴ ወይም የባቲ ልጅ ይህን ከአሁኑ ይያዝ፤ በዚህ ሙያ ተመርቆ መጨረስ የለም። ተሳፋሪውም ከአብራሪዎቹ ክፍል የሽማግሌ ድምፅ ቢሰማ ወይም የወጣት ድምፅ ቢሰማ፣ ሁለቱም በዚህ ዓመት በሐኪም ፊት እንደቀረቡ፣ በሲሙሌተርም እንደተፈተኑ ይወቅ።